ከአውቶቡሱ በር የሚጀምር መንገድ

(ከከተማ ወጣ ብለው በእግር መጓዝ ለሚወዱ ሰዎች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ወሬዬ መኪና ለሌለው ሰው ነው። መኪና ኖሮትም አንድ ቀን ቤት ትቶት መውጣት ለሚፈልግ ሰው ጭምር።

በአንድ ድምፅ ልጀምር። አውቶቡሱ ከከተማ ይወጣል፣ ሰው እየወረደ እየወረደ ሦስት አራት ተሳፋሪ ብቻ ይቀራል። እናንተ አንድ ብቸኛ ምሰሶ አጠገብ ትወርዳላችሁ። በሩ ይዘጋል። ሞተሩ ያጓራል፣ ኩርባውን ይታጠፋል፣ ድምፁ እየራቀ ይሄዳል። ከዚያ ጭጭ። መጀመሪያ ጆሮ የተደፈነ ይመስላል። ቀስ እያለ ወፉ ይሰማል፣ ቀጥሎ የውሃው ድምፅ፣ ቀጥሎ የራስ ትንፋሽ።

በመኪና ሄጄ ይህን ዝምታ አግኝቼው አላውቅም። መኪና አቁሜ ስሄድ ግማሽ ሐሳቤ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ቆልፌዋለሁ? መስኮቱን ዘግቻለሁ? ስንት ሰዓት ነው የምመለሰው? አውቶቡስ ግን ሲሄድ ጭንቀቴንም ጭኖልኝ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ መራመድ።

ብዙ ሰው አውቶቡስን የሚያየው መኪና ሲጠፋ እንደሚያዝ ነገር ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። አውቶቡስ የእግር መንገዱን ቅርፅ ራሱን ይለውጠዋል። እስቲ አስቡት። በመኪና የሄደ ሰው የግድ መኪናው ጋ መመለስ አለበት። ስለዚህ መንገዱ ወይ ክብ ይሆናል፣ ወይ በሄደበት ተመልሶ መምጣት ይሆናል። በአውቶቡስ የሄደ ሰው ግን አንድ ቦታ ወርዶ ሌላ ቦታ ይሳፈራል። ተራራውን በዚህ በኩል ወጥቶ በዚያ በኩል ይወርዳል። አንዱን ሸለቆ ተሰናብቶ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ያየውን ሁለተኛ አያይም። እግረኛ ድሮም የሚሄደው እንዲህ ነበር፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ።

በጣሊያን የአማልፊ ጠረፍ ላይ «የአማልክት መንገድ» የሚባል የእግር መንገድ አለ። ከአማልፊ ከተማ አውቶቡስ ትይዛላችሁ። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወስድና አጀሮላ ውስጥ ቦሜራኖ የምትባል መንደር ያወርዳችኋል። ዋናውን ዳገት የወጣው ሞተሩ ነው። ከዚያ ገደሉን ተደግፎ፣ ከታች ባሕሩን እያሳየ፣ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገድ ኖቸሌ ያደርሳችኋል። ያልደከመው ከ1,500 የሚበልጥ ደረጃ ወርዶ ፖዚታኖ ይገባል። ከፖዚታኖ ደግሞ ሌላ አውቶቡስ አለ። ይህን መንገድ በመኪና ልሂደው የሚል ሰው መኪናውን ለማምጣት ያንን ሁሉ ደረጃ መልሶ ሊወጣ ነው።

ሆንግ ኮንግንም እንይ። ብዙ ሰው ሲያስባት የሚታየው ፎቅ ብቻ ነው። ነገር ግን ከመሬቷ 40 በመቶ ያህሉ የገጠር ፓርክና የተጠበቀ ቦታ ነው። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሹ ኬይ ዋን ከሚባለው የባቡር ጣቢያ 9 ቁጥር አውቶቡስ ተይዞ ቶ ቴይ ዋን ፌርማታ ይወረዳል፣ «የድራጎን ጀርባ» የሚሉት መንገድ እዚያው ይጀምራል። ሸንተረሩ እንደ እንስሳ አከርካሪ ወጣ ገባ ይላል። በግራ ባሕር፣ በቀኝ ባሕር። ማለቂያው አሸዋማ የባሕር ዳርቻ ነው፤ እግራችሁን ጨው ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሚኒባስ ትጠብቃላችሁ። ከጠዋቱ ጫጫታ እስከዚያ ድረስ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው።

አንድ በጣም የምወደው አውቶቡስ ደግሞ አለ። በሰሜን እንግሊዝ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ያሠራው ግንብ አለ፤ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ122 ገደማ ነው። ግንቡን ተከትሎ 135 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ተዘርግቷል፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ግንቡን ተከትሎ በሞቃቱ ወራት የሚመላለሰው አውቶቡስ ቁጥሩ ምን መሰላችሁ? ኤዲ 122። «ኤዲ» በእንግሊዝኛ ዓመተ ምሕረት እንደማለት ነው፤ የግንቡን ዘመን ነው የሰጡት። ይህን ያሰበ ሰው አውቶቡሱንም ግንቡንም የሚወድ ሰው መሆን አለበት። ጥቅሙ ስሙ ላይ አያበቃም። እግራችሁ እስከቻለ ግንቡን ተከትላችሁ ሄዳችሁ፣ ሲበቃችሁ ወደ መንገዱ ወርዳችሁ መሳፈር ነው። ልብ በሉ ግን፣ «በሞቃቱ ወራት» ብያለሁ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስለ አውቶቡስና እግር ሳወራ አንድ ሰው ሳልጠራ ማለፍ አልችልም። አልፍሬድ ዌይንራይት ይባላል። ኬንዳል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የማዘጋጃ ቤቱ ሒሳብ ኃላፊ ነበር። መኪና አይነዳም። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ለ13 ዓመት ያህል፣ ከሥራ በተረፈው ጊዜ በሕዝብ አውቶቡስ እየወጣ የሌክ ዲስትሪክትን ተራሮች አንድ በአንድ ወጣቸው። 214 ተራራ። እያንዳንዱን በእጁ ሣለው፣ በእጁ ጻፈው፣ ሰባት ቅጽ መጽሐፍ ሆነ። ዛሬም ተራራ ወጪው በሱ ስም ነው የሚጠራቸው። መኪና የለኝምና አልችልም ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምነግረው ስለዚህ ሰው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። የጊዜ ሰሌዳ።

የገጠር አውቶቡስ የጊዜ ሰሌዳ እንደ ከተማው አይደለም። ከተማ ውስጥ አንዱ ቢያመልጥ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላው ይመጣል። ገጠር በቀን ሦስት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰሌዳውን እንደ ውል ወረቀት ነው ማንበብ። ትልልቁን ቁጥር ሁሉም ያነባል። ሰው የሚያስቀረው ከታች ያለው ትንሹ ጽሑፍ ነው። ኮከብ ካለ ኮከቡን ፈልጉ። ፊደል ካለ ፊደሉን ፈልጉ። «ትምህርት ባለበት ቀን ብቻ» የሚል ይኖራል። ብዙ የገጠር መስመር የሚንቀሳቀሰው ለተማሪ ተብሎ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። እናንተ ደግሞ ለእግር ጉዞ የምትወጡት ትምህርት ሲዘጋ ነው! «በገበያ ቀን ብቻ» የሚል አለ። «ከዚህ ወር እስከዚህ ወር» የሚል አለ፤ ቅድም ያልኳችሁ የሞቃቱ ወራት ነገር ይሄ ነው። «በቅድሚያ ስልክ ለደወለ ብቻ» የሚልም አለ። ይህኛው ካልተደወለለት ከነጭራሹ አይመጣም። ፌርማታው ላይ ቆሞ መጠበቅ ዋጋ የለውም።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ሰኞ ቀን ነው። ከሸንተረሩ በደንብ ወርጄ፣ ጫማዬን አራግፌ፣ 15 ደቂቃ ቀድሜ ፌርማታው ደረስኩ። ደስ ብሎኛል። ሰዓቱ ደረሰ፣ ወፍ የለም። አሥር ደቂቃ አለፈ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ያኔ ነው ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያየሁት። ከመጨረሻው ሰዓት አጠገብ ኮከብ አለ። ከታች ኮከቡ ጋ እንዲህ ይላል፤ በሕዝብ በዓል ቀን አይሠራም። ያ ሰኞ በዓል ነበር። በዓል መሆኑን አውቃለሁ፣ በዓል ስለሆነ ነው የወጣሁት! ኮከቡን ግን አላየሁትም። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር አስፋልት በጨለማ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ገደል ስዞር አንድም ጊዜ ያልፈራሁት ሰው፣ ያን ምሽት መኪና በመጣ ቁጥር ቦይ ውስጥ እየገባሁ ስቆም በጣም ፈራሁ። ጠባብ የገጠር አስፋልት በማታ ከተራራው ይልቅ አደገኛ ነው። ከዚያ ወዲህ አንጸባራቂ ቀበቶና የግንባር መብራት ከቦርሳዬ ወጥተው አያውቁም።

ስልክ ላይ ያለው ካርታ ይነግረኛል የምትሉ አላችሁ። ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን አንዳንድ ትንንሽ የገጠር መስመሮች እዚያ ውስጥ የሉም፤ ያሉትም ሲቀየሩ ቶሎ ላይታረሙ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለት ቦታ አረጋግጡ። ስትወርዱ ደግሞ ሾፌሩን ጠይቁ። «የመመለሻው ስንት ሰዓት ነው? ከየት በኩል ነው የምቆመው?» ሁለት ጥያቄ ናት። በዚያ መስመር ከሾፌሩ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ ፊታችሁን ያውቀዋል። የመጨረሻውን ዙር የሚነዳው እሱ ከሆነ ኩርባው ላይ ስታውለበልቡ ያያችኋል።

የወረዳችሁበትን ፌርማታም ፎቶ አንሱ። የተቃራኒውን አቅጣጫ ፌርማታም እንዲሁ። አንዳንዴ ማዶ ላይ ምሰሶ አይኖርም፤ ሰው ዝም ብሎ ትይዩ ይቆማል። ይህን ጠዋት ማወቅና ማታ መጠየቅ በጣም ይለያያል።

እሺ፣ የመመለሻው ሰዓት ታወቀ። ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ነው፣ ቀላል ሒሳብ። ዊሊያም ናይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 አንድ መለኪያ አስቀመጠ። ዛሬ በሜትር ስናስቀምጠው፣ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትሩ ዳገት አንድ ሰዓት ጨምር ማለት ነው። ይህ ጠንካራ ለሆነና እረፍት ለማይወስድ ሰው ነው። እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ማዶ አያለሁ፤ ለዚህ ነው የወጣሁት። ስለዚህ በናይስሚዝ ሒሳብ ላይ አንድ ሦስተኛ እጨምራለሁ።

አብረን እናስላው። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገቱ 600 ሜትር። ለርቀቱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ ለዳገቱ 1 ሰዓት፤ ባጠቃላይ 3 ሰዓት ከ24። ሲሶውን ስጨምር አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። የመጨረሻው አውቶቡስ 11 ሰዓት ተኩል ነው እንበል። እኔ ግን የማቅደው በመጨረሻው አይደለም፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው ነው። እሱ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ሃያ ደቂቃ ቀድሜ መድረስ እፈልጋለሁ። ከ9፡10 ላይ አራት ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ስቆጥር ረፋዱ 4፡40 ይመጣል። ከዚህ ዘግይቶ የሚያወርደኝ አውቶቡስ ለዚያ መንገድ አይሆንም። ወይ ቀደም ያለውን እይዛለሁ፣ ወይ አጭር መንገድ እመርጣለሁ። ያኛው የ11 ተኩሉ መጠባበቂያዬ ነው። ጭጋግ ቢወርድ፣ ጓደኛዬ እግሩን ቢያመው፣ ድልድይ ተሰብሮ ዙሩ ቢባል፣ እሱ አለልኝ።

መንገዱ መሐል ላይ ደግሞ አንድ የመመለሻ ነጥብ እመርጣለሁ። «እዚህ ወንዝ ጋ እስከ 7 ሰዓት ካልደረስኩ እመለሳለሁ» እላለሁ። ይህን ውሳኔ ጠዋት፣ ሳይደክመኝ ነው የምወስነው። የደከመ ሰው ራሱን ማታለል ይወዳል። ቁልቁለት ላይ አካክሰዋለሁ ይላል። አታካክሱትም። ገደላገደል ቁልቁለት ከሜዳ ይልቅ ያዘገያል። አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው ብሎ፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ ቁልቁል የሚሮጥ ሰው ነው ቁርጭምጭሚቱ የሚዞርበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም።

ስለ ምልክት ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም እንደየአገሩ ይለያያል። ቼኮች እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ዛፍና ድንጋይ ላይ ቀለም እየቀቡ መንገድ ያሳያሉ፤ ሁለት ነጭ መስመር፣ መሐሉ ላይ የመንገዱ ቀለም። የምትሄዱበትን አገር ምልክት ከመውጣታችሁ በፊት እወቁ፣ ይበቃል። አንዱን ግን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተው የሆንግ ኮንጉ ማክሊሆስ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየ500 ሜትሩ ቁጥር ያለው ምሰሶ ተተክሎበታል። 200 ምሰሶ ነው። የተጎዳ ሰው ደውሎ ቁጥሩን ብቻ ቢናገር የት እንዳለ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ምሰሶ ባለበት መንገድ ስትሄዱ ያለፋችሁትን የመጨረሻ ቁጥር በልባችሁ ያዙ። ምሰሶ በሌለበት ደግሞ ፊሽካ ያዙ። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ፣ ደግማችሁ ንፉ። ይህ በተራራ ላይ የታወቀ የድረሱልኝ ጥሪ ነው።

አውቶቡስና የእግር መንገድ እንደ አንድ ቤተሰብ ሲታሰቡ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ስዊዘርላንድን ይመልከት። 65,000 ኪሎ ሜትር ያህል ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ አላቸው። ቢጫው ሰሌዳ ኪሎ ሜትር ሳይሆን በእግር የሚፈጀውን ሰዓት ነው የሚጽፈው። ከቦታው ስም አጠገብ ደግሞ ትንሽ የአውቶቡስ ሥዕል ይኖራል፤ እዚያ ስትደርስ መሳፈሪያ አለ ማለት ነው። ይህን ሥዕል ደክሞት ያየ ሰው ብቻ ነው ዋጋውን የሚያውቀው። ቢጫዎቹ የፖስታ አውቶቡሶች እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ይሄዳሉ። ድሮ ደብዳቤና ሰው አብረው ይጭኑ ነበር። ጠባቡ የተራራ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ከሮሲኒ ሙዚቃ የተወሰደች ሦስት ድምፅ ያላት ጥሩምባ ያሰማሉ። የእግር መንገዱ ጉዳይ ደግሞ ከ1979 ጀምሮ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ገብቷል። ሕገ መንግሥት ውስጥ! ይህን ስሰማ ሁሌም ልቤ ይሞላል።

ለምን መሰላችሁ? የገጠር አውቶቡስ በየቦታው የመጀመሪያው ተቆራጭ ነው። ተሳፋሪ የለውም ተብሎ ከአምስት ዙር ወደ ሦስት ይቀነሳል። ሦስት ሲሆን መመለሻው አይመችምና ሰው ይተወዋል። ሰው ስለተወው ደግሞ ይዘጋል። እኔ የምወደው አንድ መስመር እንዲሁ ነው የጠፋው። መንገዱ አሁንም አለ፣ ምልክቱም አለ፣ ድንጋዩም አለ። ግን መኪና የሌለው ሰው፣ ተማሪው፣ መንጃ ፈቃዱን የመለሰ አዛውንት፣ አሁን አይደርስበትም። በር አልተዘጋበትም፣ አጥር አልታጠረበትም፤ የቀረው አንድ የአውቶቡስ ዙር ብቻ ነው።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ወደ 400 የሚሆኑ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ወጣት ሠራተኞች፣ ኪንደር ስካውት የሚባለውን የባለ ርስቶች ተራራ አትውጡ እየተባሉ ወጡት። አምስቱ ለወራት ታሰሩ። የብሔራዊ ፓርክና የገጠር መግቢያ ሕጉ በ1949 ወጣ፣ ያ አካባቢ በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ልክ በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1965፣ 431 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የፔናይን መንገድ ተከፈተ። መሄድ መብት የሆነው እንዲህ ተለፍቶበት ነው። እዚያ የሚያደርስ ከሌለ ግን መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አውቶቡስ መሬቱንም ያሳርፈዋል። በአሜሪካ የዛየን ሸለቆ በመኪና ታፍኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አውቶቡስ አስገቡና ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት የግል መኪና ወደ ሸለቆው እንዳይገባ አደረጉ። ያ ሁሉ ሰው አሁንም ይገባል፣ የማቆሚያ ፍለጋው ግርግር ግን የለም። እኛም በበኩላችን ለአውቶቡሱ ክብር እንስጠው። ጭቃ የበላ ጫማ ይዞ መቀመጫ ላይ መንፈራገጥ ነውር ነው። ትርፍ ጫማ ወይ ሁለት ፌስታል ያዙ። ቦርሳችሁን መተላለፊያ ላይ አትዘርጉ። ያ አውቶቡስ መጀመሪያ የመንደሩ ሰው ነው፣ እኛ እንግዶቹ ነን።

ንግግሩ ሲያልቅ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ጉልበቴ ዳገትም ቁልቁለትም አይወድም። ለእኔ የሚሆን አለ?» አሉ። ከቀኑ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

አለ። እንዲህ ያድርጉ አልኳቸው። ተራራውን ይተዉትና የአውቶቡሱን መስመር ካርታ ላይ ይዩት። ወንዝ ወይም ሐይቅ ተከትሎ የሚሄድ መስመር ይፈልጉ። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ የእግር መንገዱ ከአስፋልቱ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ፌርማታዎቹም በየሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሩ አሉ። መጨረሻው ድረስ ተሳፍረው ይሂዱና ወደ ቤትዎ አቅጣጫ በእግር ይመለሱ። እያንዳንዱ ፌርማታ መውጫ በር ነው። ጉልበትዎ እሺ ካለ ቀጣዩ ድረስ ይራመዳሉ፤ እምቢ ካለ ይቀመጡና ሰሌዳውን ያያሉ። አውቶቡሱ ሲመጣ እጅዎን ቀደም ብለው ይዘርጉ። ገጠር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅን ሰው ሾፌሩ የሚያርፍ መስሎት ያልፈዋል።

«ኮከቡንም አያለሁ» አሉኝ።